ሰማያዊ መስመር ያላት ብጣሽ

ክረምት ለአስጎብኚ የረሃብ ወቅት ነው ይባላል። ፈረንጁ ዝናቡን ፈርቶ ይቀራል፤ ጎንደር ግንቡ በር ላይ ጃንጥላ ይዞ ከመቆም ሌላ ሥራ የለም። እኔ ግን ክረምትን እወደዋለሁ። የአገሬን ሰው ይዤ የምወጣው በክረምት ነው። መምህራን እረፍት ሲወጡ፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ፈቃድ ሲሞሉ ሚኒባስ እንይዝና ወደ ቆላ እንወርዳለን። ጭልጋ ላይ ጎማ ፈንድቶብን ሳንጠራ ማኅበር ቤት ገብተን ጠግበን ወጥተናል። ቋራ በረሃ አንድ የጉሙዝ ሽማግሌ ቀስት ሲያስተምሩት አንድ የአዲስ አበባ ሰው ዒላማውን ስቶ ቅርንጫፍ ላይ የሰቀለውን የራሱን ባርኔጣ ወግቷል። ሙቀቱን ያልቻሉ አንዲት የደብረ ብርሃን እናት ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ እግራቸውን ባልዲ ውስጥ ነክረው ‹‹እናንተ ሂዱ፣ እኔ ጉብኝቱን ከዚሁ ሆኜ ልከታተል›› ብለውኛል። እነዚህን ሳስታውስ ብቻዬን እስቃለሁ።

የአንዱ ክረምት ጉዞ ግን ከሣቅም ያለፈ ነው። እሱን ልንገራችሁ።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ጓደኞቼ ‹‹አያልቅበት›› ይሉኛል። ስሜ አይደለም፤ ምላሴን አይተው ያወጡልኝ ነው። ተጠይቄ መልስ ያጣሁበት ቀን አልነበረም። አንዲት ጎብኚ ግንቡ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ አሳይታኝ ‹‹ይቺስ ምንድን ናት?›› ብትለኝ፣ ዓይኔን ሳላሽ ‹‹የንጉሡ ድመት መግቢያ ናት›› አልኳት። በዓመቱ ሌላ አስጎብኚ ስለዚያች ድመት ሲያስረዳ ሰማሁት፤ እንዲያውም ስም አውጥቶላታል። እኔም ኮራሁ እንጅ አላፈርኩም። ‹‹አላውቅም የሚል አስጎብኚ እንጀራውን ይረግጣል›› የሚል የራሴ ሕግ ነበረኝ።

የነሐሴ ጾም በገባ በሳምንቱ ስምንት የባሕር ዳር መምህራን መጡ። መተማ ድረስ ወርደው ድንበሩንና ገበያውን ማየት ፈልገዋል። ከመካከላቸው አንዷ መምህርት ሙሉነሽ ነበሩ። ወደ ሃምሳ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ የጎጃም ሰው። ሌሎቹ ፎቶ ሲነሡ እሳቸው ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ሳይ ሳይ ቆየሁና ግንቡ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ጠጋ አልኳቸው።

‹‹እትዬ ሙሉነሽ፣ ጉብኝቱ አልተስማማዎትም እንዴ?››

‹‹ኧረ ተስማምቶኛል። ልቤ መተማ ቀድሞኝ ሂዶ ነው እንጅ›› አሉና ቦርሳቸውን ከፍተው የታጠፈ መሐረብ አወጡ። መሐረቡ ውስጥ የጣት ስፋት ያላት የጨርቅ ብጣሽ ነበረች። ወፍራም ናት፤ ነጭ ሆና ሰማያዊ መስመር አለባት። ሦስቱ ጠርዟ ደህና ነው፤ አራተኛው አይጥ እንደበላው ተቦጫጭቋል።

‹‹አንተ ብዙ አይተሃል። ይቺ ምን ትመስልሃለች?››

ታሪኩን ነገሩኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው ለሰሊጥ ሥራ ወደ በረሃ ይወርዳሉ። ሙሉነሽ ትምህርት ቤት ሊገቡ ነው፤ ጫማ የላቸውም። አባት ከመሄዳቸው በፊት ልጃቸውን አቁመው የልጃቸውን እግር በቀርከሃ ስንጥር ለኩ፤ የተረፈውን ሰበሩና ‹‹የዚህን ልክ ይዤልሽ እመጣለሁ›› አሉ። በጥቅምት መጨረሻ ሰዎች ተሸክመው አመጧቸው። ወባው ጭንቅላታቸው ላይ ወጥቶ አፋቸው ተይዟል። ጫማ የለም፤ ልብስም የለም፤ ከለበሱት ቡትቶ በቀር ባዶ እጃቸውን ነው የመጡት። በአራተኛው ቀን ሲሞቱ የጨበጡት መዳፍ ተፈልቅቆ ሲከፈት ይቺ ብጣሽ ተገኘች።

‹‹እናቴ እስክትሞት ‹ጠጥቶበት ነው› እያለች ኖረች። ‹መተማ ሴት ይዞ ቀርቶ፣ ሲታመም ወረወሩት› ትላለች። እኔ ግን ይቺን ብጣሽ አልጥላት አልኩ። ሰው ምንም የማይሆን ነገር ጨብጦ ይሞታል?››

እዚህ ላይ ‹‹አላውቅም እትዬ›› ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ነው፤ ምላሴም እንደለመደው ቀደመኝ።

‹‹ይቺማ የቤተ መቅደስ መጋረጃ ብጣሽ ናት›› አልኩ። ‹‹ቆላ ላይ ሠራተኛ በወባ ሲወድቅ ቤተ ክርስቲያን ወስደው ጸበል ይረጩታል። ከዚያ ከአሮጌ መጋረጃ ቀደው መዳፉ ውስጥ ያስይዙታል፤ እስኪድን አይለቃትም።››

አንዱም እውነት አይደለም። እያወራሁ እያለ ግን እኔ ራሴ አመንኩት። መምህርት ሙሉነሽ ብጣሿን ግንባራቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

‹‹እንግዲያ አባቴ የተኛው መጠጥ ቤት ሳይሆን ደጀ ሰላም ነዋ›› አሉ። ብጣሿን መሐረቡ ውስጥ እያጠፉ ደግሞ ‹‹ከቤተ ክርስቲያን የወጣች ናትና እዚያው ቆላ ለቤተ ክርስቲያን እመልሳታለሁ›› አሉኝ።

ሰው አስደሰትኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

በማግስቱ ወርደን ገንዳ ውሃ አደርን። በሦስተኛው ቀን ጧት ወደ መተማ ከመውጣታችን በፊት ሾፌራችን ፈንታሁን ከአስፋልቱ ገባ ብላ ካለች ቤተ ክርስቲያን አደረሰን። ቄሰ ገበዙ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት አባት፣ ወጥተው አነጋገሩን። መምህርት ሙሉነሽ ብጣሿን በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። እኔም ድፍረቴ፣ ለካህን ‹‹አባቴ፣ የመጋረጃ ብጣሽ ናት›› ብዬ አስረዳሁ።

ቄሰ ገበዙ ገልበጥ አድርገው አዩዋት። አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አዩ። የሴትዮዋን እንባ አይተው ይመስለኛል በጥንቃቄ አጠፏት።

‹‹መልካም›› አሉ። ‹‹ዛሬ ቅዳሴ ሲወጣ ያረጁ አልባሳት እናቃጥላለን። መርገጫ እንዳይሆኑ ነው። ትቀመጥ።››

መተማ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥቷል። እዚያ ከዝናብ በኋላ የሚወጣ ፀሐይ ቁጣ አለበት፤ መሬቱ ይጨሳል። መምህራኑን ይዤ በሱቆቹ መንገድ ስናልፍ በአንድ ሱቅ ጎን የግቢ በር ተከፍቶ አየን። ግቢው ውስጥ ስድስት ሰባት የገመድ አልጋዎች ተደርድረዋል። እነሱ አንገረብ ይሏቸዋል። በአልጋዎቹ ላይ ሰው የለም፤ ያሉት ቋጠሮዎች ናቸው። በአሮጌ ጋቢ፣ በአቡጀዲ፣ በከረጢት የታሰሩ፣ ሠላሳ አርባ የሚሆኑ ቋጠሮዎች ፀሐይ ይሞቃሉ።

‹‹ምንድን ነው ይሄ?›› አለ አንዱ መምህር።

‹‹ይሄማ›› አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ‹‹ከጥንት ጀምሮ ሲራራ ነጋዴዎች ወደ ሱዳን ከመሻገራቸው በፊት ዕቃቸውን…››

‹‹አይደለም ልጄ›› አለ ከጥላው ሥር አንድ ድምፅ።

ነጭ ጀለቢያ የለበሱ፣ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። የሱቁ ባለቤት ሐጂ ኢድሪስ ይባላሉ። ‹‹ተፈደሉ፣ ግቡ፣ ፀሐይ አይምታችሁ›› አሉን። መምህራኑ ሣቁብኝ። እኔም አብሬ ሣቅሁ፤ ምን ላድርግ?

‹‹ይህ አማና ነው›› አሉ ሐጂ። ‹‹እናንተ አደራ የምትሉት። ሰው ከደጋ ይመጣል፤ ከወሎም፣ ከጎጃምም። ወደ እርሻ ሲገባ የአገሩን ልብስ ይዞ አይገባም፣ ያልቅበታላ። እዚህ ቋጥሮ ያስቀምጣል። አረም ጨርሶ ገበያ ሲወጣ ደግሞ ለልጁም ለሚስቱም የገዛትን እዚያው ላይ ይጨምራል። አጨዳ ሲያልቅ ይመጣል፤ ታጥቦ፣ የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ ቋጠሮውን ይዞ ይሄዳል።››

‹‹እነዚህስ?››

‹‹እነዚህ ያልመጡት ናቸው። የታመመ አለ፣ የሞተ አለ። ከእርሻው መኪና በቀጥታ ወደ ጎንደር የጫነው አለ። ከአባቴ ጀምሮ እንጠብቃለን። በርሜል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ክረምት ፀሐይ ስትወጣ አውጥተን እናሰጣለን፣ ምስጥ እንዳይበላቸው። በጦርነት ስንሸሽም በርሜሉ አብሮን ሸሽቷል፣ ወላሂ።››

የማወቅ ጉጉቴ ተነሣ። አልዋሽም፤ ጉጉቴ ከውሸቴ የተሻለ ጠባዬ ነው። ‹‹ታዲያ የማን የማን እንደሆነ በምን ይለያሉ? ስም ተጽፎበታል?››

‹‹አባቴ ፊደል አያውቅም፣ ባለ ቋጠሮውም አያውቅም። ምን ይጻፋል?›› አሉና ከአንድ ቋጠሮ አንገት ላይ የታሰረች ብጣሽ በጣታቸው አነሡ። ‹‹አባቴ አንዲት ጨርቅ ይይዛል። በጥርሱ ቦጨቅ ያደርጋትና ሰያፍ ይቀዳታል። ግማሿን ቋጠሮው ላይ ያስራል፣ ግማሿን ለባለቤቱ ይሰጣል። መቀስ እንዳትመስልህ፤ መቀስ ሁሉን እኩል ይቆርጣል። የእጅ ቅዳጅ ግን አምሳያ የለውም። ሲመጣ ጫፍና ጫፉ ይገጠማል። ከገጠመ የሱ ነው፣ ኸላስ፣ አለቀ። በየዓመቱ ደግሞ ጨርቁ ይለወጣል። ይህ አረንጓዴ የአንድ ዓመት ነው፣ ይህ አበባ ያለበት የሌላ ዓመት። እነዚያ ሦስቱ የሁሉም ታላቅ ናቸው፤ አባቴ ያሰራቸው ናቸው። በዚያ ዓመት የፍራሽ ጨርቅ ነበር የያዘው።››

ወደ ሦስቱ ቋጠሮዎች ዞርኩ። አንገታቸው ላይ ያለው ብጣሽ ነጭ ነው። ሰማያዊ መስመር አለበት።

አንገረቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

መምህርት ሙሉነሽ ግቢው ውስጥ አልነበሩም። ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር መንገዱ ማዶ የሱዳን ስፌት እያዩ ነው። አሁን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዝም ለማለት አስቤ ነበር። ብጣሿ ልትቃጠል ነው፣ ሴትዮዋ ደስ ብሏቸዋል፣ ማን ያውቃል? መምህራኑን ‹‹ወደ ድንበሩ እንቅደም›› ብዬ ብወጣ ታሪኩ እዚያው ያበቃል። አፌ ለመዋሸት ያን ያህል ፈጣን ሆኖ እውነት ለመናገር እንዲህ ሲከብደው በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

‹‹ሐጂ›› አልኩ በመጨረሻ፣ ‹‹የአንዱ ባለቤት ልጅ እዚህ ማዶ ቢኖሩ ይከፍቱላቸዋል?››

‹‹ብጣሿ አለቻቸው?››

‹‹ነበረቻቸው።››

‹‹ነበረች አይገጠምም፣ ልጄ›› አሉ። ቁጣ የለባቸውም። ‹‹ሦስት ናቸው። የአንዱን ለሌላው ብሰጥ ሁለት ሰው በደልኩ። የአባቴ ቃል ነው፤ ያለ ብጣሽ አልፈታም።››

ሰዓቴን አየሁ፤ ሰባት ሰዓት አልፏል። በጾሙ ቅዳሴ የሚወጣው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ተሻገርኩና መምህርት ሙሉነሽን ለብቻቸው ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ቋጠሮዎቹ፣ ስለ ብጣሾቹ፣ ስለ ፍራሹ ጨርቅ። መጀመሪያ አልገባቸውም።

‹‹መጋረጃውስ ታዲያ?››

‹‹መጋረጃ የለም፣ እትዬ።››

‹‹ጸበሉ? መዳፉ ውስጥ ያስይዙታል ያልከኝ?››

‹‹ፈጠራዬ ነው። አላውቅም ማለት አቅቶኝ ነው።››

ቢሰድቡኝ፣ በጥፊ ቢያጮሉኝ ይሻለኝ ነበር። ትክ ብለው አዩኝ። ሠላሳ ዓመት ተማሪ ሲቀጡ የኖሩ ናቸውና ዓይናቸው ብቻ ይበቃል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ‹‹እኔ እኮ ክፍል ውስጥ ልጅ ‹አላውቅም› ሲለኝ ‹ጎሽ፣ ተቀመጥ፣ አብረን እንፈልጋለን› ነው የምለው›› አሉ። ‹‹በል መኪናውን አስነሣ።››

ሌሎቹ መምህራን ሐጂ ዘንድ ቀሩ። ፈንታሁን፣ እሳቸውና እኔ ወደ ኋላ ተመለስን። መንገድ ላይ ካለችው ኮኪት ሳንደርስ ዝናቡ ያንን ሁሉ ፀሐይ ያልወጣ አስመስሎ ዶፉን አወረደው። ፈንታሁን ነገሩን ሲሰማ ‹‹አይ አያልቅበት! ዛሬስ አለቀብህ›› አለኝ። መምህርት ሙሉነሽ የፊት መቀመጫውን ጨብጠው መንገዱን ያያሉ። አንዴ ብቻ ለራሳቸው ‹‹ልብሱንስ እዚያ ትቶት ይሆን እንዴ?›› ሲሉ ሰማኋቸው። አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ነገር አሁን በደቂቃ ይለካል።

ከአስፋልቱ ወርደን ወደ ቤተ ክርስቲያኗ የምትወስደውን መንገድ ስንይዝ ሚኒባሱ ሃምሳ ሜትር አልሄደም። ጧት እንደ አስፋልት ደርቆ የነበረው ዋልካ አፈር አሁን ሊጥ ሆኗል። ጎማው ባለበት ዞረ፣ ሰመጠ፣ ቆመ።

‹‹ከዚህ ወዲያ ትራክተር ነው የሚያወጣኝ›› አለ ፈንታሁን።

ስምንት ሰዓት ከአርባ ነበር። መምህርት ሙሉነሽ በሩን ከፍተው ወረዱ። አራት እርምጃ ሳይሄዱ ጫማቸው በጭቃ ተሸፍኖ እንደ ድንጋይ ከበደ። አወለቁትና ጥለውት በባዶ እግራቸው ሄዱ። እኔም ለጎብኚ ማማሪያ የገዛኋት ቆዳ ጫማ ነበረችኝ፤ አንደኛዋን ዋልካው ዋጣት። ጎንበስ ብዬ ስፈልግ ‹‹ተዋት እንጅ! ጫማ ነች!›› ብለው ጮኹብኝ። ተውኳት። አሁንም እዚያው ነው ያለችው።

ከሩቅ ቅጽሩ ሲታይ ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ እየወጣ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኗ ጀርባም ቀጭን ጭስ ይነሣል። መምህርት ሙሉነሽ ጭሱን ሲያዩ ሮጡ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው የደረሱ ሴት በዚያ ጭቃ ሲሮጡ ያየ ምእመን መንገድ ለቀቀላቸው።

ቄሰ ገበዙ ከመጠለያ ሥር፣ ከአንድ የሸክላ ጋን ፊት ቆመዋል። በእጃቸው በትር ይዘው አመዱን ይገላብጣሉ። እሳቱ አልቆ ነበር።

‹‹አባቴ›› አሉ መምህርት ሙሉነሽ። እጃቸው ወደ ጋኑ ተዘርግቷል። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጥቁር ነው።

እኔ ተንበረከኩ። ‹‹አባቴ፣ ጧት የነገርኩዎት ሐሰት ነው። ብጣሿ የመጋረጃ አይደለችም። ተቃጠለች?››

ቄሰ ገበዙ በትሩን አስቀመጡ። ‹‹የመጋረጃ እንዳልሆነችማ ሳያት አወቅሁ›› አሉ። ‹‹አርባ ዓመት መጋረጃ ሳጥፍ የኖርኩ ሰው የፍራሽ ጨርቅ አይጠፋኝም። የፍራሽ ጨርቅ ከንዋየ ቅድሳት ጋር ላቃጥል?››

‹‹ጣሏት ታዲያ?›› አሉ መምህርት ሙሉነሽ።

‹‹ኧረ ልጄ፣ እንዲያ አልቅሰሽ ያመጣሻትን ነገር እጥላለሁ? ምን እንደሆነች አላውቅም። የማላውቀውን አላቃጥልም፣ አልጥልምም። የሚያውቅ እስኪመጣ ብዬ አስቀመጥኳት›› አሉና እጃቸውን ወደ ቀሚሳቸው ኪስ ሰደዱ። ወረቀት ውስጥ ተጠቅልላለች። ሰማያዊ መስመሯ እንዳለ ነው።

መምህርት ሙሉነሽ ተቀብለው ጨበጧት፤ አባታቸው እንደጨበጧት ይመስለኛል። እኔ መሬቱ ላይ ተንበርክኬ ቀረሁ። ቄሰ ገበዙ ራሴ ላይ መስቀላቸውን አሳርፈው ‹‹አንተ ደግሞ ምላስህን ጹም›› አሉኝ። ከዚያ የሚበልጥ ንስሐ ተሰጥቶኝ አያውቅም።

ፈንታሁን በትራክተር ተጎትቶ ወጥቶ ጠበቀን። መተማ ስንመለስ ፀሐይ ሊያዘቀዝቅ ነው፤ ቋጠሮዎቹ ወደ በርሜል ተመልሰው ሦስቱ ብቻ አንገረብ ላይ ቀርተዋል። መምህራኑ ዙሪያውን ቆመዋል። ሐጂ ኢድሪስ ታጥበው፣ ሰግደው ሲጠብቁን ነበር። የጨዋታ ነገር አይደለም፤ አደራ ሊፈታ ነው።

ሐጂ ብጣሿን የመጀመሪያው ላይ ሞከሯት። መስመሩ ልክ መጣ፣ ጫፉ ግን አልገጠመም። ሁለተኛው ላይ ጫፉም መስመሩም አልመጣም። መምህርት ሙሉነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሦስተኛው ላይ ሐጂ ብጣሿን ጠጋ አደረጓት፤ በአንዷ ጎድጓዳ ላይ የሌላዋ ጥርስ ገባ። ክሮቹ ሳይቀሩ ተገናኙ። ‹‹ገጠመ›› አሉ ሐጂ። ‹‹አልሐምዱሊላህ። አባቴ ዛሬ ዐረፈ።››

ቋጠሮውን ራሳቸው መምህርት ሙሉነሽ እንዲፈቱት ሰጧቸው። ቋጠሮው ጠብቆ አስቸገረ። ማንም በቢላ ይቆረጥ አላለም፤ በጥርሳቸው ፈቱት። መጀመሪያ ጋቢ ወጣ፣ እጥፋቱ ላይ የበለዘ። ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን የሚለበስ ነጭ እጀ ጠባብ። ለእናታቸው የተገዛ ሰማያዊ የሱዳን ሻሽ፣ ከነወረቀቱ። ከሻሹ ሥር ደግሞ በክር የታሰረ ትንሽ ጥቅል።

ክሩን ሲፈቱት ሁለት ጥቁር የኮንጎ ጫማዎች ናቸው። ድርቀት ሰነጣጥቋቸዋል። በአንደኛው ውስጥ የቀርከሃ ስንጥር ተጋድሟል።

መምህርት ሙሉነሽ ስንጥሩን አወጡና መሬት ላይ አስቀመጡት። ጫማውን ከጎኑ አደረጉ። ጫማው ከስንጥሩ በሁለት ጣት ይበልጣል።

‹‹አብልጦ ነው የገዛው›› አሉ። ‹‹ለክቶኝ ሳለ ለምን አበለጠ?››

‹‹ልጄ፣ ልጅ ያድጋል›› አሉ ሐጂ። ‹‹ስትለካ ሌላ ነሽ፣ እሱ ሲመለስ ሌላ ነሽ። አስቦበት ነው።››

ያኔ ነው ያለቀሱት። ግንቡ ግቢ ውስጥ በእኔ ተረት ካለቀሱት ጋር አንድ አልነበረም። ጭቃው ደርቆ የተሰነጣጠቀ ባዶ እግራቸውን ዘርግተው፣ ጫማውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ‹‹እማዬ፣ አልጠጣበትም! እማዬ፣ አልጠጣበትም!›› ይላሉ። እናታቸው ከሞቱ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ሻሹን ግን መቃብራቸው ድረስ እንደወሰዱት በኋላ ደውለው ነግረውኛል።

ልንሄድ ስንል ሐጂን ‹‹የቀሩት ሁለቱስ የማን ይሆኑ?›› አልኳቸው።

‹‹አላውቅም›› አሉ፤ ሳያፍሩ። በርሜሉን ከፈቱና ሁለቱን መልሰው አስገቡ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ያን ቀን ሁለት የማያውቁ ሰዎች አየሁ። አንዱ ሐጂ፣ አንዱ ቄሰ ገበዝ። ሁለቱም ስላላወቁ ጠበቁ፤ ስለ ጠበቁም የአንድ ሰው ስም ዳነ። ሁሉን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ነገሩ ለእኔ ቢተው አመድ ሆኖ ነበር። በማግስቱ ጎንደር ስገባ በመጀመሪያ ያደረግሁት ነገር የንጉሡን ድመት መግደል ነው። ያ አስጎብኚ ጓደኛዬ እስካሁን አልማረኝም። ዛሬ ጎብኚ ያልገባኝን ሲጠይቀኝ ‹‹አላውቅም፣ አብረን እንጠይቅ›› እላለሁ። የሚገርማችሁ እንጀራዬ አልተረገጠም። ሰው አብሮ መጠየቅ ይወዳል፤ በዚያው ጥያቄ ስንት ቤት ገብተናል፣ ከስንቱ ሽማግሌ ጋር ተጫውተናል።

ሐጂ ኢድሪስ ከየዓመቱ ጨርቅ ትንሽ ትንሽ ቆርጠው ሰጥተውኛል። ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። በክረምት ጎብኚ ይዤ ጎጃምም ወሎም ስወጣ፣ ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ መስጊድ ደጅ እያወጣሁ አሳያለሁ። እስካሁን የአንድ አረንጓዴ ቋጠሮ ባለቤት ተገኝቷል። መንገድ ሲዘጋ ለሐጂ እደውልላቸዋለሁ። ‹‹ቋጠሮዎቹ ፀሐይ ሞቁ?›› እላቸዋለሁ። ‹‹ሞቁ›› ይሉኛል።

እናንተም ቤት፣ በአባታችሁ ወይም በአያታችሁ ሣጥን ሥር፣ ማንም ምን እንደሆነች የማያውቃት ብጣሽ ጨርቅ ካለች አትጣሏት። ምንነቷን ደግሞ እንደ ያኔው እኔ ያለ ሰው እንዳትጠይቁ። ነጭ ሆና ሰማያዊ መስመር ካላት፣ አንድ ጫፏም ተቦጫጭቆ ከሆነ፣ መተማ ላይ ሁለት ቋጠሮዎች ዘንድሮም አንገረብ ላይ ፀሐይ ሞቀዋል።